ፈረንሳይኛ፦ ‘ተነከሰች’ ብዬ እንዴት ልጻፍ? ይቺ ‘ስ’ የሚሏት ነገር ግራ አጋባችኝ

የጋርድሪዋ እትዬ

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች፣ እንዴት ናችሁ? ፈረንሳይኛ የምትችሉ ካላችሁ አንዴ አግዙኝ።

ያለሁት ሞንትሪያል ነው። ሕፃናት መዋያ ውስጥ እሠራለሁ፤ እዚህ ‘ጋርድሪ’ ይሉታል። የኔ ክፍል ልጆች የሁለትና የሦስት ዓመት ናቸው። ማታ ደግሞ የኬቤክ መንግሥት ለአዲስ መጪ በነፃ የሚያስተምረውን ፈረንሳይኛ እማራለሁ።

አሁን የያዝነው እነዚያን ፊታቸው ላይ ‘ስ’ ያለባቸውን ግሶች ነው። ስ ላቬ (መታጠብ)፣ ስ ልቬ (መነሣት)፣ ሳቢዬ (መልበስ)። (ፈረንሳይኛውን ጆሮዬ እንደሰማው በፊደላችን ነው የምጽፈው፤ ታገሱኝ።) ቀን ሥራ ላይ ከነሱ ሌላ የምሰማው የለም ማለት ይቻላል። እጅህን ታጠብ፣ ተቀመጪ፣ ተናፈጥ፣ ልብስሽን ልበሺ፣ አትጣሉ! በክረምት እነዚህን ልጆች ለበረዶ አልብሶ ማውጣት ብቻውን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እና ቃላቱ አልጠፉኝም። የጠፋኝ ሥርዓታቸው ነው።

አስተማሪያችን ‘አትነሣ’ ለማለት ‘ን ት ሌቭ ፓ’ በሉ ይለናል። ሥራ ቦታ ግን ከኃላፊዋ እስከ ምግብ አብሳዩ ሁሉም ‘ሌቭ ትዋ ፓ’ ነው የሚለው። የቱን ልያዝ?

ሌላው ለወላጆች የምንጽፈው ማስታወሻ ነው። የሥራ ባልደረባዬ የጻፈችውን ሳነብ ስለ አንዷ ልጅ ‘ኤል ሴ ታንዶርሚ’ (እንቅልፍ ወሰዳት) ብላ መጨረሻው ላይ የሴቷን ‘ኧ’ ፊደል ጨምራለች። ከሥሩ ደግሞ ስለዚያችው ልጅ ‘ኤል ሴ ኮኜ ላ ቴት’ (ጭንቅላቷን ተመታች) ብላለች፤ እዚህ ላይ ‘ኧ’ የለም። ሴትየዋ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት። ተሳስታ ነው እንዳልል አልመሰለኝም፤ ምክንያቱን ስጠይቃት ግን ‘እንዲሁ ነው’ አለችኝ።

ዛሬ ደግሞ አንዱ ልጅ አንዷን ክንዷ ላይ ነከሳት። ማስታወሻውን ነገ ጠዋት ለእናቷ የምሰጠው እኔ ነኝ። ‘ስ’ እንደ ‘ተ’ ከሆነች ‘ተነከሰች’ ማለት ‘ኤል ሴ ሞርዱ’ ነው አይደል?

አንድ የመጨረሻ። ‘ማስታወስ’ ለምን ‘ስ ሱቭኒር’ ሆነ? ማን ማንን ነው የሚያስታውሰው?

ሊዮን ማዶ

እትዬ፣ በፍጹም ‘ኤል ሴ ሞርዱ’ ብለሽ እንዳትሰጪያት! እሱ ልጅቷ ራሷን ነከሰች ማለት ነው። እናትየው ሐኪም ቤት ይዛት ትሄዳለች።

ሌላ ሰው ያደረገብሽን ነገር በ‘ስ ፌር’ ነው የምትዪው፤ ‘ፌር’ ማድረግ ናት፣ ላለፈ ጊዜ ‘ፌ’ ትሆናለች። ኤል ሴ ፌ ሞርድር። በቃ። ተዘረፍኩ፣ ዠ ም ስዊ ፌ ቮሌ። ተከተብኩ፣ ዠ ም ስዊ ፌ ቫክሲኔ።

አንድ ጓደኛችን ፀጉር ቤት ደርሶ ወደ ሥራ ይገባል። አለቃው ሲያየው ‘ፀጉሬን ተቆረጥኩ’ ሊለው ፈልጎ ‘ዠ ም ስዊ ኩፔ ሌ ሽቨ’ ይላል። አለቃው ዞር ዞር ብሎ ኋላውን እያየ ‘ብቻህን? ጎበዝ ነህ፣ የኔንም ትሠራልኛለህ’ አለው። ‘ዠ ም ስዊ ፌ ኩፔ ሌ ሽቨ’ ነበር። እውነቱን ለመናገር ፈረንሳዮቹ ራሳቸው በወሬ መሃል ‘ፌ’ዋን የሚውጧት ጊዜ አለ። ለኛ ግን አያልፉልንም፣ ይስቁብናል።

የቀረውን የሚያብራራልሽ ሰው ይመጣል። እኔ ፈረንሳይኛ የተማርኩት ሳህን እያጠብኩ ነው፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

የምድር ባቡር ልጅ

እህቴ፣ ረዘም አድርጌ ነው የምጽፍልሽ። ቡናሽን ይዘሽ አንብቢ።

ድሬዳዋ ነው የተወለድኩት። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬ የገባው በ1902፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው፤ ሁለቱም በፈረንጅ አቆጣጠር። ከሐዲዱ ጋር ፈረንሳይኛም አብሮ ገባ። ‘ለገሃር’ የምንለው ራሱ ‘ላ ጋር’ ነው፤ ጣቢያው ማለት። ስለዚህ እነዚህን ‘ስ’ ያለባቸውን ግሶች መጀመሪያ የሰማሁት ከመጽሐፍ አይደለም። አባቴ ‘ል ትሬን ሳሬት’ ሲል ባቡሩ ቆመ ማለቱ እንደሆነ ገና ልጅ ሆኜ አውቅ ነበር። ኋላ ላይ አስተማሪ ሆንኩና ብዙ የኛን ልጆች በዚሁ ጉዳይ ሲንገዋለሉ አየሁ። የሚንገዋለሉትም ያለ ምክንያት አይደለም፤ መጻሕፍቱ ‘ድርጊቱ ወደ ራስ ሲመለስ’ ብለው ይጀምሩና ተማሪው ‘ራሱን’ ፍለጋ ይወጣል።

‘ራስ’ን እርሺው። እኛ ራሱ መች እንለዋለን? ‘ራሴን ታጠብኩ’ ካልሽ ሰው የሚገባው ፀጉርሽን እንደታጠብሽ ነው። አማርኛ ይኼን ሥራ የሚሠራው በ‘ተ’ ነው። አጠበ፣ ታጠበ። ላጨ፣ ተላጨ። አነሣ፣ ተነሣ። ፈረንሳይኛው በዚያው ቦታ ‘ስ’ን ያስገባል። ላቬ፣ ስ ላቬ። ራዜ፣ ስ ራዜ። ልቬ፣ ስ ልቬ። ልጁን ‘ሙሽ ትዋ’ ስትዪው ‘ተናፈጥ’ እያልሽው ነው፤ አንድም ነገር አልጎደለም።

እርስ በርስም ሲሆን እንደዚያው ነው። ተሳሳሙ፣ ኢል ሳንብራስ። ተያዩ፣ ኢል ስ ርጋርድ። ተጣሉ፣ ኢል ስ ዲስፒዩት፤ እናንተ ጋ ስ ሺካኔ የሚሉት። አልፎም ይሄዳል። ልጆቹ ያን ባለ ቀለም መጫወቻ ሊጥ አፋቸው ውስጥ ሲከቱ ‘ሳ ን ስ ማንዥ ፓ!’ አይደል የምትሉት? ‘ይኼ አይበላም’ ነው ቃል በቃል። ‘ሳ ን ስ ዲ ፓ’፣ እንዲህ አይባልም። አየሽ፣ ራስን፣ እርስ በርስንና ተደራጊን በአንድ ምልክት የሚይዝ ቋንቋ ከቤትሽ ይዘሽ ነው የሄድሽው። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ይኼን ከባዶ ይጀምራል። አንቺ ጋ ግማሹ ተሠርቶ ተቀምጧል።

ግማሹ ነው ያልኩት ግን። የልጅቷ ንክሻ እዚያ ላይ ነው የሚመጣው። አማርኛ ‘ተነከሰች’ ሲል ነካሹ ማን እንደሆነ አያስጨንቀውም። ፈረንሳይኛው ‘ስ’ን ብቻዋን አስቀምጦ ሰው ላይ የደረሰን ነገር ሲናገር፣ አድራጊዋ ያው ራሷ ናት ብሎ ነው የሚያስበው። ለዕቃ ሲሆን ችግር የለበትም፤ በሩ ተዘጋ፣ ላ ፖርት ሴ ፌርሜ። ለሰው ሲሆን ወይ ሊዮን ማዶ እንዳለው ‘ስ ፌር’ን ታስገቢያለሽ፣ ወይ ያለ ‘ስ’ ቀጥታ ተደራጊውን ትጽፊያለሽ፤ ኤል ላ ኤቴ ሞርዱ። በወረቀት የሚሰጥ ነገር ስለሆነ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። መጨረሻው ላይ የሴቷን ‘ኧ’ አትርሺ። ‘ኤል ሴ ፌ ሞርድር’ ካልሽ ግን ‘ፌ’ ላይ ምንም አትጨምሪም። ሌላ ግስ ከኋላዋ እስካለ ድረስ ‘ፌ’ ለሴትም፣ ለብዙም ንቅንቅ አትልም። ‘ኤል ሴ ፌ ማል’ (ተጎዳች) ላይም፣ ‘ማል’ ግስ ባትሆንም፣ እንደዚያው ነው። ብዙ ሰው ‘ፌት ማል’ ሲል ትሰሚያለሽ፤ አንቺ እንዳትጽፊው።

‘ተ’ የምታሳስትበት ሌላም ቦታ አለ። እኛ ተማረ፣ ተናገረ፣ ተጫወተ፣ ተመለሰ እንላለን። ፈረንሳይኛው አፕራንድር፣ ፓርሌ፣ ዡዌ፣ ርቭኒር፤ ‘ስ’ የሚባል የለም። በተቃራኒው እኛ ያለ ‘ተ’ የምንለውን እነሱ በ‘ስ’ ይሉታል። ነቃ፣ ስ ሬቬዬ። ዝም አለ፣ ስ ቴር። ቸኮለ፣ ስ ዴፔሼ። አረፈ፣ ስ ርፖዜ። ቆመ፣ ሳሬቴ። ከነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ ‘አ’ ወይም ‘አስ’ ያለበት ጓደኛ አላቸው፤ ቆመና አቆመ፣ አረፈና አሳረፈ። ሌላውን የሚያስደርገው በፈረንሳይኛ ያለ ‘ስ’ ነው፣ ራሱ የሚያደርገው በ‘ስ’። ሾፌሩ መኪናውን አቆመ፣ ኢል አሬት ላ ቯቲር። ሾፌሩ ቆመ፣ ኢል ሳሬት። ‘ሬቬዬ’ ቀሰቀሰ፣ ‘ስ ሬቬዬ’ ነቃ። እንቅልፍ ላይ ያለን ልጅ እናቱ ስትቀሰቅሰው ‘ኤል ል ሬቬይ’ ነው፤ ዓይኑን ራሱ ሲከፍት ‘ኢል ስ ሬቬይ’።

ስ ሱቭኒር ግን የሚገርም ነው። ማንም ማንንም አያስታውስም። ድሮ ፈረንሳዮች ‘ኢል ም ሱቭየን’ ይሉ ነበር፤ ነገሩ ወደ አእምሮዬ መጣ እንደማለት። ዛሬም በሥነ ጽሑፍ ይገኛል። እኛ ‘ትዝ አለኝ’ ስንል የምናደርገውን ነው ያደረጉት፤ ባለቤቱ እኔ አይደለሁም፣ ትዝታው ነው የመጣብኝ። ከጊዜ በኋላ ‘እኔ’ን ባለቤት አደረጉና ‘ዠ ም ሱቭየን’ ሆነ፤ ‘ም’ ግን እዚያው ቀረች። ስ ሞኬ (አሾፈ) እና ሴቫኑዊር (ራሱን ሳተ) የመሳሰሉትም ‘ስ’ቸውን እንደ ስማቸው ይዘው ነው የሚኖሩት። እነሱን አትመርምሪያቸው፣ ሸምድጂያቸው።

እርባታው ላይ ብዙ አልቆይም፤ ክፍል ውስጥ ይኼንን አድርቀውሻል። ዠ ም፣ ቱ ት፣ ኢል ስ፣ ኑ ኑ፣ ቩ ቩ፣ ኢል ስ። አንድ ነገር ብቻ፣ ግሱ ሳይረባ ሲቀርም ‘ስ’ ከባለቤቱ ጋር ትለዋወጣለች። ‘ልተኛ ነው’ ሲባል ዠ ቬ ም ኩሼ ነው፤ ‘ዠ ቬ ስ ኩሼ’ አይባልም። መዝገበ ቃላቱ ላይ ‘ስ’ ስላያት እንዳለች የሚሰካት ብዙ ነው። ለአንቺ ሥራ ማምለጫ አለ፤ ‘እኛ’ ለማለት ‘ኦን’ በዪ። ልጆቹን ሁሉ ሰብስበሽ ‘ኦን ስ ላቭ ሌ ሜን! ኦን ሳቢይ! ኦን ቫ ስ ኩሼ!’ ከ‘ኦን’ ጋር ሁልጊዜ ‘ስ’ ናት፤ ግሱም የነጠላ ነው። እዚያ ያሉትም ‘ኑ ኑ’ ሲሉ ብዙ አትሰሚያቸውም።

ድምፁ ላይ አንዲት ነገር ልጨምር። ዠ ም ሌቭ፣ ኑ ኑ ልቮን። ዠ ማፔል፣ ኑ ኑ ዛፕሎን። በወረቀት አንዱ ላይ ጭረት ይደረጋል፣ ሌላው ላይ ‘ል’ ትደገማለች፤ ተማሪው ሁለት የተለያዩ ሕጎች ይመስሉታል። በፊደላችን ስትጽፊው አንድ ነገር እንደሆነ ወዲያው ይታይሻል፤ መጨረሻው ሲዘጋ ‘ኤ’ ብቅ ትላለች፣ ሲረዝም ትጠፋለች።

አሁን ወደዚያች ‘ኧ’። ላለፈ ጊዜ እነዚህ ግሶች በሙሉ ረዳት ግስ አድርገው ‘ኤትር’ን (መሆን) ነው የሚይዙት፣ ‘አቯር’ን (መያዝ፣ ‘አለኝ’ የምንልበትን) አይነኩም። ዠ ም ስዊ ልቬ፣ ቱ ቴ ልቬ፣ ኤል ሴ ልቬ። አሉታው ከውጭ ያቅፈዋል፤ ዠ ን ም ስዊ ፓ ልቬ። ከዚያ ‘ኧ’ መቼ ትጨመር ነው ጥያቄሽ። የባልደረባሽ ማስታወሻ ሁለቱም ትክክል ነው። ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ በዪውና ‘ን’ ያለባት ተሳቢ ፈልጊ። ‘ጭንቅላቷን ተመታች’፤ አለች፣ ጭንቅላቷን። ስለዚህ የተመታው ነገር ከግሱ በኋላ ተቀምጧል፣ ‘ኮኜ’ ላይ ምንም አይጨመርም። ‘እጇን ታጠበች’ም እንደዚያው፤ ኤል ሴ ላቬ ሌ ሜን፣ ያለ ‘ኧ’። ‘ታጠበች’ ብቻ ከሆነ ‘ን’ የላትም፤ ኤል ሴ ላቬ፣ ከነ‘ኧ’ዋ። ‘ጠረጴዛ ጋር ተጋጨች’፣ ኤል ሴ ኮኜ፣ አሁንም ከነ‘ኧ’ዋ። ‘ተኛች፣ ነቃች፣ ተነሣች’ ሁሉም ይጨምራሉ። እጅ፣ ጥርስ፣ ጭንቅላት ተጠቅሶ ከግሱ በኋላ ከመጣ ግን አይጨምሩም። ደግሞ እኛ ‘እጇን’ የምንለውን እነሱ ‘ሌ ሜን’ ብለው ይተዉታል፤ የማን እጅ እንደሆነ ‘ስ’ ስለነገረቻቸው ‘ሴ ሜን’ አይሉም።

ይኼ ሁሉ ጣጣ ለዓይን ነው። ጆሮ ከሁለቱም የሚሰማው ‘ላቬ’ን ብቻ ነው። የሚሰማበት ቦታ ጥቂት ነው፣ እሱን ያዢ። ኢል ሴ ታሲ፣ ተቀመጠ። ኤል ሴ ታሲዝ፣ ተቀመጠች። ኢል ሴ ሚ ኣ ፕለሬ፣ ማልቀስ ጀመረ። ኤል ሴ ሚዝ ኣ ፕለሬ፣ ማልቀስ ጀመረች። እነዚህን ስታወሪ ብታሳስቺ ይሰማሉ፤ ከሌሎቹ በፊት እነዚህን አጥኚ።

ሰዋስው ወዳጅ

ጋሼ፣ የ‘ን’ዋ ዘዴ ደስ ትላለች። ግን ቀዳዳ አላት። ‘ሁለቱ ሴቶች ተነጋገሩ’ ላይ ‘ን’ የለም። በርስዎ ዘዴ ከሄድን የሴትና የብዙ ምልክት ሊጨመር ነው። ትክክሉ ግን ‘ኤል ስ ሶን ፓርሌ’ ያለ ምንም ጭማሪ ነው። ስ ቴሌፎኔ (መደዋወል)፣ ስ ሱሪር (ፈገግ መባባል)፣ ስ ማንቲር (መዋሸት) እንደዚሁ።

ሌላም አለ። ‘ን’ ያለባት ነገር ከግሱ በፊት ከመጣች ይለወጣል። ‘እጆቿን ታጠበቻቸው’ ብለው እጆቹን በተውላጠ ስም ወደፊት ካመጡ፣ ኤል ስ ሌ ዜ ላቬ፣ አሁን ‘ላቬ’ ከእጆቹ ጋር ይስማማል፤ ሴትም ብዙም ይሆናል።

ስለ ‘ፌ’ ያሉት ልክ ነው። በ1990 ፈረንሳዮቹ የአጻጻፍ ማስተካከያ ሲያወጡ ‘ሌሴ’ንም (ተወ፣ ፈቀደ) ሌላ ግስ ሲከተላት እንደ ‘ፌ’ አትለወጥ ብለዋል። የቀድሞውን ያስተማሩ መጻሕፍት ግን አሁንም በየመደርደሪያው አሉ።

የምድር ባቡር ልጅ

ልክ ነህ ወንድሜ። እሱን ኋላ ላይ ላመጣው አስቤ ነበር፤ ሴትየዋ ነገ ጠዋት ማስታወሻ አለባት ብዬ ተውኩት። ለማንኛውም እህቴ፣ ከኋላው ‘ኣ’ የሚያስከትል ግስ ሲሆን (ፓርሌ ኣ፣ ቴሌፎኔ ኣ፣ ሱሪር ኣ) የኔን ‘ን’ ተዪያት። ለእገሌ ደወለ፣ ለእገሌ ፈገግ አለ፣ ‘ለ’ የምንልባቸው ብዙዎቹ እዚህ ይወድቃሉ። ‘ታጠበቻቸው’ የሚለውን ደግሞ ለወላጅ ማስታወሻ ላይ የሚጽፍ ሰው ካገኘህ አሳየኝ።

ዣን ታሎን ገበያ

እኔም ሞንትሪያል ነኝ፤ ልጆቼ እዚሁ ነው ያደጉት። ስለ ‘ሌቭ ትዋ ፓ’ የመለሰልሽ ስለሌለ እኔ ልበል።

ሁለቱንም ያዢ፣ ቦታቸውን ግን አትቀላቅዪ። ትእዛዝ ሲሆን ግሱ ይቀድምና ‘ትዋ’ ወይም ‘ቩ’ ይከተላል፤ ሌቭ ትዋ፣ አሲዬ ትዋ፣ አቢዬ ቩ። እዚህ ላይ ክርክር የለም። ክልከላ ሲሆን የመጽሐፉ ሕግ ተውላጠ ስሙን ወደ ፊት መልሶ ‘ት’ ያደርገዋል፤ ን ት ሌቭ ፓ። ኬቤኮች ሲያወሩ ያን መልሶ ማምጣት ትተውታል። ‘ን’ንም ይጥሏታል። የትእዛዙን ቅርጽ እንዳለ ይዘው ‘ፓ’ን ይቀጥሉበታል። ሌቭ ትዋ ፓ። ሺካኔ ቩ ፓ። ልጆች የሚሰሙት ይኼንን ነው፣ አንቺም ብትዪው ማንም አይገርመውም። እንዲያውም በሩጫ ላይ ያለን የሦስት ዓመት ልጅ ‘ን ት ሌቭ ፓ’ ስትዪው መጽሐፍ የምታነቢለት ይመስለዋል።

ፈተና ላይ ግን፣ ለወላጅ በምትጽፊው ላይና ኃላፊዋ በምታነበው ነገር ላይ የአስተማሪሽን ጻፊ። ን ቩ ሺካኔ ፓ። የዚህ አገር የፈረንሳይኛ ደረጃ እስከ 12 ድረስ ነው የሚቆጠረው። ከፍ እያልሽ ስትሄጂ እንዲህ ያለውን የአፍና የወረቀት ልዩነት እንድትለዪ ነው የሚፈልጉት።

‘አሲ ትዋ’ የሚልም ትሰሚያለሽ፣ ‘ተቀመጥ’ ለማለት። እሱም የአፍ ነው። በወረቀት ‘አሲዬ ትዋ’ ወይም ‘አስዋ ትዋ’፤ ሁለቱም ያስኬዳል።

ስለ ማስታወሻው ደግሞ፣ የነከሰውን ልጅ ስም እንዳትጽፊ። የኔ ልጆች ሲነከሱ አንድም ቀን ስም አልሰጡኝም። ‘ፓር ኧን ናሚ’ ይላሉ፣ በጓደኛ። እዚህ ጋርድሪ ውስጥ ሁሉም ልጅ ‘አሚ’ ነው፤ ነካሹም ጭምር።

የጋርድሪዋ እትዬ

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም! ጋሼ፣ ‘ትዝ አለኝ’ ያሉትን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ከእንግዲህ ስ ሱቭኒር አይጠፋኝም።

ማስታወሻውን እንዲህ ጻፍኩት፦ ‘ኤል ላ ኤቴ ሞርዱ ኦ ብራ ፓር ኧን ናሚ። ኤል ሴ ሚዝ ኣ ፕለሬ፣ ፒዊ ኤል ሴ ካልሜ።’ ክንዷ ላይ በጓደኛ ተነከሰች፣ ማልቀስ ጀመረች፣ ከዚያ ተረጋጋች። ‘ሞርዱ’፣ ‘ሚዝ’ና ‘ካልሜ’ ላይ ሦስቱም ጋ ‘ኧ’ አለች። ‘ተረጋጋች’ ላይ ‘ን’ ፈለግሁ፣ የለችም። ልክ ነኝ?

ሌላ ደግሞ ልጠይቅ፣ ካስቸገርኩ ይቅርታ። አንዷ ባልደረባዬ ስልክ ላይ ሁልጊዜ ‘ዠ ማን ቭየን’ ትላለች። መጽሐፋችን ላይ ያለው ‘ዠ ማን ቬ’ (ልሄድ ነው) ብቻ ነው። ‘ማን’ የምትለዋ ምንድን ናት? ‘ም’ አንድ ነገር፣ ‘ን’ አንድ ነገር መሰለኝ።

የምድር ባቡር ልጅ

ልክ ነሽ፣ አንዲትም ፊደል የምነካበት የለኝም። ነጥብ ላይ ብቻ ተጠንቀቂ፤ ፈረንሳዮች በነጠላ ሰረዝ ቀልድ አያውቁም።

‘ማን’ እንዳልሽው ሁለት ናት። ‘ም’ እና ‘አን’። ‘አን’ ‘ከዚያ’ እንደማለት ናት። ሳናሌ፣ ከዚያ ተነሥቶ መሄድ። ላለፈ ጊዜ ሁለቱም ግሱ ፊት ይደረደራሉ፤ ዠ ማን ስዊ ዛሌ። ‘ማን ቭየን’ን የዚያ አገር ሰው ያስረዳሽ፣ ድሬ ላይ ሰምቼው አላውቅም።

ዣን ታሎን ገበያ

‘እየመጣሁ ነው’ ማለት ነው። ጠዋት ዘግይተሽ ኃላፊዋ ስትደውል ‘ዠ ማን ቭየን!’ ትያታለሽ፣ ገና አልጋ ውስጥ ሆነሽም ቢሆን። ፈረንሳይ ያለው ሰው ‘ጃሪቭ’ ይላል። እርባታው እንደ ቭኒር ነው፤ ቱ ታን ቭየን፣ ኦን ሳን ቭየን። ላለፈ ጊዜ እምብዛም አትፈልጊውም።

ከዚያው ቤተሰብ ‘ቫ ታን’ የምትባል አለች። ቅርጿን ስታዪ ‘ሂድ’ ትመስላለች፣ ልጆቹ እርስ በርሳቸው ሲባባሉም ትሰሚያለሽ። አንቺ ግን ለልጅ እንዳትያት። ‘ጥፋ ከዚህ’ እንደማለት ናት፣ ልጁም ማታ ቤቱ ሄዶ ለእናቱ ይናገራል።